ባክቴሪያ ፈጅ ቫይረሶችን ለማጥናት ዶክትሬት የት? ከሐረርና ከድሬዳዋ ለሚነሡ አመልካቾች የቀረበ ንጽጽር

በማይክሮባዮሎጂ፣ በሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ወይም በእንስሳት ሕክምና ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው በሐረርና በድሬዳዋ የሚያስተምሩ ወይም በሆስፒታል ላቦራቶሪ የሚሠሩ ወጣቶች ስለ ዶክትሬት ሊያማክሩኝ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያነሡት አገርን ነው። ጀርመን ይሻላል ወይስ አሜሪካ? እዚሁ ብማርስ ይጎዳኛል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶችን ማጥናት ለሚፈልግ ሰው ከአገር የሚቀድም አንድ ምርጫ አለ፤ እርሱም በየትኛው ባክቴሪያ ላይ ልሥራ የሚለው ነው። አማካሪው፣ የገንዘቡ ምንጭ፣ የሚያስፈልገው የላቦራቶሪ ደረጃ፣ ሌላው ቀርቶ ከምረቃ በኋላ ወደ ሐረር ተመልሶ ሥራውን መቀጠል መቻል አለመቻሉ ጭምር በአብዛኛው በዚህ ምርጫ ይወሰናል።

ቫይረሶቹ በሳይንሱ ዓለም ባክቴሪዮፋጅ፣ ባጭሩ ፋጅ ይባላሉ። ስሙን ያወጣላቸው ፌሊክስ ዴሬል ግኝቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትዎርት ከሁለት ዓመት በፊት ተመሳሳይ ክስተት ዘግቦ ነበር። ቃሉ «መብላት» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ግሥ የመጣ ነው፤ ለእኛ ጆሮ ግን «ፈጅ» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚገጥም ተማሪዎቼ ትርጉሙን ሳልነግራቸው ይይዙታል። ባክቴሪያ ፈጅ ብንላቸውም ከሥራቸው አንርቅም። አንድ ፋጅ ግን ያገኘውን ባክቴሪያ ሁሉ አይፈጅም፤ ብዙውን ጊዜ የሚያጠቃው አንድን የባክቴሪያ ዝርያ፣ ከዚያም ውስጥ የተወሰኑትን ዓይነቶች ብቻ ነው። ስለዚህ በፋጅ ላይ ዶክትሬት እሠራለሁ ማለት በተግባር አራት ወይም አምስት ዓመት ከአንድ ባክቴሪያ ጋር እኖራለሁ ማለት ነው።

መጀመሪያ ባክቴሪያውን

በሆስፒታል አካባቢ ለሚሠራ ሰው ቀዳሚ ምርጫዬ ክሌብሲየላ ኒሞኒየ ነው። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ በቀጥታ ለ1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞት ምክንያት እንደሆኑ የተገመተ ሲሆን፣ ክሌብሲየላ ከዋነኞቹ አንዱ ነው። የሕፃናትን ሞት መንስኤ የሚመረምረው ቻምፕስ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናትም ከኢትዮጵያ የሚሠራው በሐረርና በቀርሳ፣ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው፤ ጥናቱ በሚካሄድባቸው አገሮች ተደጋግመው ከተገኙት ገዳይ ባክቴሪያዎች መካከልም ክሌብሲየላ ይገኛል። ይህ ማለት ከሐረር የሚነሣ አመልካች የሚያጠናው ነገር በራሱ ደጃፍ ያለ ችግር ነው። ባክቴሪያው በአንድ ሌሊት ያድጋል፤ ልዩ አየርም ሆነ ውድ ምግብ አይጠይቅም፤ በሁለተኛ ደረጃ የደኅንነት ላቦራቶሪ ይሠራበታል።

ውበትም አለው። ከፍሳሽ የተቀዳውን ውኃ በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፈን፣ ከባክቴሪያውና እንደ ጄሊ ከሚረጋው የባክቴሪያ ማሳደጊያ፣ ቀጭን ከሆነ አጋር ጋር ቀላቅለን በሰሃኑ ላይ ካፈሰስን በኋላ ጠዋት ኢንኩቤተሩን ስንከፍት፣ ጭጋግ በመሰለው የባክቴሪያ ምንጣፍ መካከል የጠሩ ክብ ቀዳዳዎች እናያለን። እነዚህ ፕላክ ይባላሉ፤ እያንዳንዱም ከአንድ ፋጅ ተነሥቶ ባክቴሪያ እየፈጀ የሰፋ ቦታ ነው። በክሌብሲየላ ላይ ግን ብዙ ጊዜ በጠራው ቀዳዳ ዙሪያ ጨረቃ አንዳንዴ እንደምትከበበው ያለ የሳሳ ቀለበት ይታያል። ቀለበቱ የሚፈጠረው ፋጁ የባክቴሪያውን ወፍራም የስኳር ካባ የሚያሟሟ ኢንዛይም ስለሚይዝና ኢንዛይሙ ከፋጁ ቀድሞ በአጋሩ ውስጥ ስለሚሠራጭ ነው። ይህን ቀለበት በዓይኑ ያየ ተማሪ የምርምር ጥያቄ ፍለጋ ብዙ አይደክምም።

የኮሌራ ባክቴሪያ ሁለተኛው አማራጭ ነው፤ በሳይንስ ረገድ ምናልባት ከሁሉም የበለፀገ ነው። የኮሌራን መርዝ የሚሠራው ዘረ መል ራሱ በአንድ ፋጅ የተሸከመ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1996 ታውቋል፤ በባንግላዴሽ ደግሞ አይሲፒ1 የተባለው ፋጅና ባክቴሪያው አንዱ ለአንዱ አዳዲስ መከላከያና ማፍረሻ እየፈጠሩ ሲፋለሙ ከሕሙማን በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ለዓመታት ተከታትለው ያጠኑ ቡድኖች አሜሪካ ውስጥ አሉ። ለእኛ ያለው ችግር ናሙናው ነው። ኮሌራ ወረርሽኝ ሆኖ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በመጣ ጊዜም ናሙናው ለቁጥጥር ሥራ እንጂ ለተማሪ ቀዳሚ አይደለም። ስለዚህ የኮሌራን ፋጅ የሚመርጥ ሰው የተከማቸ ናሙና ባለው የውጭ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቢማር ይሻለዋል፤ አገር ውስጥ ሆኖ በወረርሽኝ ላይ የተመሠረተ የአራት ዓመት ዕቅድ እንዲያወጣ አልመክርም።

ከእንስሳትና ከምግብ ጋር ለሚሠሩ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ይቀርባሉ። ካምፒሎባክተር በሐረማያ ወረዳ ሕፃናት ዘንድ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ጋር ያጠናው ባክቴሪያ በመሆኑ የአካባቢው መረጃ አለ። ነገር ግን ኦክስጅን የተቀነሰበት አየርና ወደ 42 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል፤ አየሩን የሚያዘጋጁት ከረጢቶች ከውጭ የሚመጡ በመሆናቸው አንድ ጭነት ሲዘገይ ሥራው ይቆማል። ሳልሞኔላ ይህ ጣጣ የለበትም።

የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ለማደግ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሦስተኛ ደረጃ የደኅንነት ላቦራቶሪም ይጠይቃል። በዘርፉ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በማያሳምመውና በሁለት ሦስት ቀን በሚያድገው ዘመዱ በማይኮባክቴሪየም ስሜግማቲስ ነው። በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የግራሃም ሃትፉል ቡድን ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ትልቅ የማይኮባክቴሪያ ፋጅ ክምችት ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነው ታሪክ በለንደን የነበረች፣ በሌላ የማይኮባክቴሪያ ዝርያ የታመመች የ15 ዓመት ታካሚ በሦስት ፋጆች ድብልቅ ስትታከም፣ ከሦስቱ አንዱ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ውስጥ ከበሰበሰ ደበርጃን ሥር የተገኘ ነበር። ይህን ሁልጊዜ የማነሣው የአፍሪካ አፈር የያዘውን ዋጋ ስለሚያሳይ ነው፤ ከባቢሌ የግመል በረትም ሆነ ከሐረር ቄራ ፍሳሽ ምን እንደሚወጣ ፈልጎ ያየ ሰው ገና ጥቂት ነው።

እዚሁ መማር

አገር ውስጥ መማር እንደ መጨረሻ አማራጭ መታየቱ ትክክል አይመስለኝም። ፋጅን ከናሙና ለይቶ ማውጣት ከብዙ የሞለኪውል ባዮሎጂ ሥራዎች ይልቅ ርካሽ ነው፤ አጋር፣ ኢንኩቤተር፣ ዋተር ባዝ፣ ሴንትሪፉጅና ማጣሪያ ያለው ላቦራቶሪ ሊጀምረው ይችላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአክሊሉ ለማ ኢንስቲትዩት በተላላፊ በሽታዎች ዙሪያ ዶክትሬት የሚሰጥ ሲሆን፣ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲም በሐረር የሚገኘው የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ከሕይወት ፋና ሆስፒታል ጋር የተያያዘ በመሆኑ ከሕሙማን የተገኘ ባክቴሪያ ከቤተ ሙከራው የአሥር ደቂቃ መንገድ አይርቅም። መምህር የሆነ ተማሪ ደመወዙ አይቋረጥም፤ ከቤተሰቡም አይለይም።

ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምስልና የዘረ መል ንባብ ብዙውን ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ ተልኮ የሚሠራ በመሆኑ፣ ፋጁ ራሱ በሁለት ወር ተገኝቶ ማንነቱን ለማወቅ ዓመት ሊጠበቅ ይችላል። ከዚህም የሚከብደው፣ በፋጅ ላይ ዕድሜውን ያሳለፈ አማካሪ በቅርብ አለመኖሩ ነው። የማይክሮባዮሎጂ ፕሮፌሰር ሁሉ ደብዛዛ ፕላክ አይቶ «ይህ ተደብቆ የሚኖር ፋጅ ነው፤ ለሕክምና አይሆንህም» ብሎ ሊመራ አይችልም። ለሕክምና የሚፈለጉት ባክቴሪያውን ወዲያው የሚያፈርሱት ናቸው፤ በባክቴሪያው ዘረ መል ውስጥ ገብተው የሚተኙት ግን እንደ ኮሌራው መርዝ ያለ ጎጂ ዘረ መል ሊያዛምቱ ይችላሉ። ይህን ልዩነት በሦስተኛው ዓመት የተረዳ ተማሪ ሁለት ዓመት አጥቷል።

የመብራት ጉዳይም አለ። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ቤተ ሙከራ ለበዓል በተዘጋበት ሳምንት መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩም ሳይነሣ ቀረ፤ ስንመለስ ጥልቅ ማቀዝቀዣው ሞቋል፤ በግርጌው ውኃ ተኝቷል። ፋጆቹ በተራ ፍሪጅ ሙቀት ለወራት የሚቆዩ በመሆናቸው ተርፈዋል። የጠፉት አስተናጋጅ ባክቴሪያዎቻቸው ናቸው። ፋጅ ይዞ የሚያሳድጉበትን ባክቴሪያ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ የአንድ ተማሪ የሁለት ዓመት ድካም በጠርሙስ ውስጥ ሳይጠፋ ነገር ግን ማንም ሊያነቃው ሳይችል ቀረ። ስለዚህ እዚሁ ለመማር የወሰነ ሰው ከመመዝገቡ በፊት ሊያረጋግጠው የሚገባ ነገር ቢኖር፣ የባክቴሪያዎቹ ቅጂ በሌላ ከተማ በሌላ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጥበት ስምምነት ነው።

ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ

ለአብዛኛው የሐረርና የድሬዳዋ አመልካች የምመክረው ይህንን ነው። ተማሪው በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመዝግቦ ናሙናውን እዚህ ይሰበስባል፤ ፋጁን እዚህ ያወጣል፤ ከዚያ ለተወሰኑ ወራት ወደ ውጭ ሄዶ የዘረ መል ንባቡን፣ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑንና የኢንዛይም ሥራውን እየተማረ ይሠራል። የጀርመን አካዳሚያዊ ልውውጥ አገልግሎት፣ ሁላችንም ዳድ የምንለው፣ በሁለት አማካሪዎች የሚመራ ዶክትሬትን የሚደግፍ መርሐ ግብር አለው። ለሴት አመልካቾች ደግሞ ኦ.ደብሊው.ኤስ.ዲ. በሚል ምሕፃር የሚታወቀው የታዳጊው ዓለም ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት በሌላ ታዳጊ አገር ለሚሠራ የዶክትሬት ጥናት ገንዘብ ይሰጣል፤ በአገሯ ተመዝግባ እየተመላለሰች የምትሠራበትን አሠራርም ይቀበላል። ልጆች ያሏቸው እኅቶች ይህን ሳያዩ እንዳያልፉት አደራ እላለሁ።

ይህ መንገድ የሚፈርሰው በወረቀት ነው። ከኢትዮጵያ የተገኘ ረቂቅ ተሕዋስ የአገሪቱ የዘረ መል ሀብት ስለሆነ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ሳይወሰድ ከአገር ሊወጣ አይችልም፤ ኢትዮጵያም ሆነች የጀርመን ላቦራቶሪዎች የዘረ መል ሀብት አጠቃቀምን የሚገዛው ዓለም አቀፍ የናጎያ ስምምነት ግዴታ አለባቸው። ከሕሙማን የተወሰደ ከሆነ የሥነ ምግባር ፈቃዱም ይጨመራል፤ በሁለቱ ተቋማት መካከል የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነትም መፈረም አለበት። የፈቃዱ ማመልከቻ በመጀመሪያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ካልገባ ተማሪው ውጭ ደርሶ ፋጁ አዲስ አበባ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ሁለቱ አማካሪዎች ከመጀመሪያው አንሥቶ አንድ ጊዜ እንኳ በአንድ የስልክ ውይይት ላይ ካልተገናኙም መንገዱን አትጀምሩት።

ናይሮቢ ለዚህ አሠራር ምቹ ጎረቤት ናት። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም፣ አዲስ አበባም ግቢ ያለው ኢልሪ፣ በናይሮቢ በዶሮ ሳልሞኔላ ላይ የፋጅ ሥራ ከካናዳው ላቫል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሠርቷል፤ ላቫል ደግሞ በዴሬል ስም የተሰየመውን የፋጅ ክምችት የሚይዝ ነው። ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ተመዝግበው ምርምራቸውን በኢልሪ የሚያካሂዱበት አሠራር አለ። በእንስሳት ሕክምና ወይም በምግብ ደኅንነት ላይ ለሆነ ሰው ከአውሮፓ በፊት ናይሮቢን ማየት ብልህነት ነው።

ሙሉ በሙሉ ውጭ

በጀርመንና በአሜሪካ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ብዙዎች እንደሚያስቡት የክፍያው መጠን አይደለም፤ ተማሪው ሲገባ ምን ማወቅ ይጠበቅበታል የሚለው ነው። በጀርመን የዶክትሬት ተማሪ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ፕሮጀክት የሚቀጠር ሠራተኛ ነው፤ በሕይወት ሳይንስ የተለመደው የሙሉ ደመወዝ 65 በመቶ የሚከፈልበት ውል ሲሆን፣ ጥናቱ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይወስዳል፤ የክፍል ትምህርቱ ጥቂት ነው። ርእሱ ማስታወቂያው ላይ ተጽፎ ስለሚመጣ የመጀመሪያው ወር ላይ ሥራ ይጀመራል። በአሜሪካ ግን አምስት ወይም ስድስት ዓመት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ኮርስ እየተወሰደ ብዙውን ጊዜ በሦስት ያህል ቤተ ሙከራዎች እየተዘዋወሩ አማካሪ ይመረጣል፤ የትምህርት ክፍያውን ዩኒቨርሲቲው ይሸፍናል፤ ሁለተኛ ዲግሪም ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ፋጅ በእጁ ይዞ የሚያውቅ፣ ጥያቄው የጠራለት ሰው ጀርመን ወይም ቤልጅየም ይስማማዋል፤ በቤልጅየም የሌቨን ዩኒቨርሲቲ የሮብ ላቪኝ ቡድን ከምጠቁማቸው አንዱ ነው። እስካሁን የሠራው የሆስፒታል ምርመራ ብቻ ለሆነ፣ ስለ ዘረ መል ሥራ ገና መሠረት ለሚፈልግ ግን የአሜሪካው ረጅም ጊዜ ብክነት ሳይሆን ትርፍ ነው። ባለትዳሮች አንድ ነገር ይጨምሩበት፤ በጀርመን የተማሪው የትዳር ጓደኛ መሥራት ሲችል፣ በአሜሪካ በተለመደው የተማሪ ቪዛ የሚከተል የትዳር ጓደኛ ግን ተቀጥሮ መሥራት አይፈቀድለትም።

በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚካሄዱት የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የዶክትሬት መረቦች ለየትኛውም አገር ዜጋ ክፍት ናቸው፤ ክፍያቸውም መልካም ነው። ቁልፉ ደንብ አመልካቹ ከቅጥሩ በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ ኖሮ ወይም ሠርቶ መሆን የለበትም የሚለው ነው። ይህ ከሐረር ለሚያመለክት ሰው እንቅፋት ሳይሆን ዕድል ነው፤ እዚያው የተማሩትን ተወዳዳሪዎች ያስቀርለታልና። በብሪታንያ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ የራሱ የፋጅ ምርምር ማዕከል አለው፤ ነገር ግን የአገሪቱ ዋና የምርምር ገንዘብ ከየዙሩ ለውጭ ዜጎች የሚፈቅደው እስከ 30 በመቶ ብቻ ስለሆነ ውድድሩ ጠባብ ነው።

ስለ ጆርጂያ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ፤ የአሜሪካዋን ክፍለ ግዛት ሳይሆን በካውካሰስ ያለችውን አገር ማለቴ ነው። በትብሊሲ የሚገኘው የኤሊያቫ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1923 ተመሥርቶ ፋጅን ለሕክምና ሳያቋርጥ ሲጠቀም የኖረ ነው። እዚያ ሄዶ ፋጅ እንዴት ለታካሚ እንደሚዘጋጅ ለአጭር ጊዜ ማየት የማይተካ ትምህርት ነው። ለሙሉ ዶክትሬት ግን ከላይ ያነሣኋቸውን አስቀድማለሁ።

አማካሪውን መመዘን

አገሩ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ሰው ነው። አማካሪው ባለፉት አምስት ዓመታት ባሳተማቸው ሥራዎች የመጀመሪያው ስም የተማሪ ነው ወይስ የሌላ? የቀድሞ ተማሪዎቹ ስንት ዓመት ወሰደባቸው? ከቀድሞ ተማሪዎቹ ለሁለት ያህሉ ጻፉላቸው፤ አብዛኞቹ ይመልሳሉ። ስለ ፋጆቹ ባለቤትነትም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሐረር ፍሳሽ የወጣው ፋጅ ቅጂው ሐረር ይቀመጣል ወይ፣ ስትመለሱስ ትሠሩበታላችሁ ወይ? በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ አማካሪ ሌሎች ጥያቄዎችንም አይወድም።

ለአማካሪ የሚላከው የመጀመሪያ ደብዳቤ «በመስኩ ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ይልቅ በእጅ የተሠራ አንድ ነገር ቢይዝ ይመረጣል። በሁለት ወር ውስጥ፣ በምትሠሩበት ላቦራቶሪ፣ በኃላፊው ፈቃድ ከፍሳሽ ውኃ አንድ ፋጅ አውጥታችሁ በላቦራቶሪው ባሉ ሃያ የክሌብሲየላ ዓይነቶች ላይ ብትሞክሩት፣ ደብዳቤው ስንቱን እንደገደለና ስንቱን እንደተወ የሚናገር ይሆናል። ድሬዳዋ የምትሠሩ ከሆነ ጊዜው እንዳያታልላችሁ፤ በቆላው ሙቀት የላይኛው አጋር ቀስ ብሎ ስለሚረጋ ሰሃኑን ቶሎ ብትገለብጡት ይንሸራተታል። በሐረር ደግሞ ጠዋት ሲበርድ አጋሩ ሳይዳረስ እንዳይጓጉል ሰሃኖቹን አስቀድሞ ማሞቅ ያስፈልጋል። ፎቶውን ስታነሡ ሰሃኑን በጥቁር ወረቀት ላይ አስቀምጡና ብርሃኑን ከጎን አድርጉት፤ ፕላኮቹም፣ በዙሪያቸው ያለው የሳሳ ቀለበትም ያኔ ይወጣል።